ፋየርፎክስ ወዴት እየሄደ ነው? ተስፋችሁንም ስጋታችሁንም ጻፉልኝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ባለፈው ወር አንድ መስሪያ ቤት ፎርሙን በኢንተርኔት ሙላ ብሎኝ ገባሁ። የመስሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። ገጹ መከፈት ጀመረና ነጭ ሆኖ ቀረ። መሃሉ ላይ ክሮም ተጠቀሙ የምትል አንዲት መስመር ብቻ አለች። እኔ ደግሞ እንደ ክሮም ድረ ገጽ መክፈቻ (ብሮውዘር) ከሆነው ከፋየርፎክስ ጋር ከኖርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ብሮውዘሩ ራሱን በክሮም ስም እንዲያስተዋውቅ የምታደርግ ትንሽ ኤክስቴንሽን (ብሮውዘር ላይ የሚጨመር ፕሮግራም) ጫንኩና ገጹን እንደገና ከፈትኩት። ፎርሙ ያለምንም ችግር ሠራ። ፎቶዬን ጫንኩ፣ ፒዲኤፉ ወረደልኝ፣ ተላከ። ለካ ገጹ በፋየርፎክስ አልሠራ ብሎ አይደለም። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ነው ስሜን አይቶ የመለሰኝ።

በጣም ከፋኝ። ፋየርፎክስ በ2004 ተጀመረ፤ በ2009 እና በ2010 አካባቢ ከዓለም የኢንተርኔት ተጠቃሚ ወደ ሲሶ የሚጠጋው በእሱ ነበር የሚገባው። ዛሬ የብሮውዘሮችን ድርሻ በሚቆጥረው ስታትካውንተር ላይ ከ2 እስከ 3 በመቶ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከትልልቆቹ ብሮውዘሮች ውስጥ በራሱ ሞተር (ገጹን አንብቦ በሚያሳየው ኮድ) የሚሄድ፣ ከጎግልም ከአፕልም ያልሆነ፣ እሱ ብቻ ነው የቀረው። እና እንዲህ በየበሩ እየተመለሰ ስንት ዓመት ይቆያል? እናንተ አሁንም ትጠቀማላችሁ? ምን ትመኙለታላችሁ? ምንስ ያሰጋችኋል?

ከዚህ በታች ያለውን የጨመርኩት በኋላ ነው። መልሱ ስለበዛና አንዳንዱም ስለረዘመ፣ ዘግይታችሁ ለመጣችሁ እንዲመች ከላይ እስከ ታች የተባለውን በራሴ አባባል አስቀምጫለሁ።

1. የመጀመሪያዋ መላሽ ሰላምታዋን አስቀድማ፣ ከዩኒቨርሲቲ ዶርም ጀምሮ ከፋየርፎክስ ሌላ ነክታ እንደማታውቅ ጻፈች። ምኞቷ ትንሽ ነው። ፍጥነቱን ይጠብቅ፣ በየአፕዴቱ ደግሞ የበተኖቹን ቦታ አይቀያይርባት።

2. ሁለተኛው ሰላምታም የለው። ፋየርፎክስ ከሞተ ቆይቷል፣ የቀረው ቀብሩ ነው ባይ ነው። በ2 በመቶ ሙዚየም እንጂ ብሮውዘር አይባልም ይላል። ቁጥሩ ላይ አልከራከረውም። ግን ይኸ ትንሽ የሚባለው መቶኛ ዛሬም ከ100 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ነው። ይህን ሁሉ ሰው ሬሳ ተሸካሚ ማድረግ ይከብዳል።

3. ሦስተኛው እኔን አረመኝ። 2004 የተጀመረበት ዓመት አይደለም። በዚያ ዓመት ኖቬምበር 9 የወጣው 1.0 የተባለው ስሪት ነው። ልጁ የተወለደው በ2002 ሲሆን መጀመሪያ ፊኒክስ ነበር የሚባለው። ያ ስም የሌላ ድርጅት ንግድ ምልክት ሆኖ ተገኘና ፋየርበርድ ተባለ። እሱም ሌላ ፕሮጀክት ሲጠራበት የነበረ ሆኖ ተገኘ። በ2004 መጀመሪያ ላይ ነው ፋየርፎክስ የሆነው። ዘሩን ከቆጠርንለት ደግሞ የድሮው ብሮውዘር ኔትስኬፕ ኮዱን ለዓለም ከለቀቀበት ከ1998 ይጀምራል። ሌላም ነገር አስታወሰን፦ በ2004 ዲሴምበር ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ሁለት ሙሉ ገጽ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። ገንዘቡን ያዋጡት ተራ ተጠቃሚዎች ናቸው፤ የ10,000 ያህል ሰዎች ስም በደቃቅ ፊደል ተደርድሮበታል። ለብሮውዘር ከኪሱ አውጥቶ ማስታወቂያ የሚከፍል ሕዝብ ነበር ማለት ነው። እርማቱን በደስታ ተቀብያለሁ።

4. ይህን መልስ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ጋሼ ልላቸው የሚገባ ሰው ናቸው። ደሴ ፒያሳ ላይ ስምንት ኮምፒውተር ያላት ኢንተርኔት ካፌ ነበረቻቸው። ስምንቱም በማይክሮሶፍት ብሮውዘር በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 ነበር የሚሠሩት። ጠዋት ጠዋት ከመክፈታቸው በፊት ሥራቸው ሌሊት እንደ አሸን የፈሉትን ፖፕአፖች መዝጋትና ቫይረስ መጥረግ ነበር። አንድ ቀን የእረፍት ተማሪ ፋየርፎክስን በፍላሽ ይዞላቸው መጣ። ፋይሉ አምስት ሜጋባይት አይሞላም። ቢሆንም በዚያ ስልክ መስመር ላውርደው ቢሉ ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር።

ደንበኛውን የማረከው ፍጥነቱ ወይም ደኅንነቱ አይደለም፣ ታቡ ነው ይላሉ። ሰው የሚከፍለው በደቂቃ ነው። ድሮ አንድ ገጽ እስኪከፈት ክብ ነገር እየዞረ ቁጭ ብሎ ያያል፤ ደቂቃው ደግሞ ይቆጥራል። ታብ ሲመጣ ኢሜይሉን በአንዱ፣ የዲቪ ፎርሙን በሌላው፣ ዜናውን በሦስተኛው ከፍቶ የቀደመውን ማንበብ ጀመረ። በአሥር ደቂቃ የሚወጣው በአምስት መውጣት ጀመረ። እሳቸው ገቢ ቀነሰባቸው፣ ወረፋው ግን እስከ ደረጃው ወረደ። ሞኒተሮቹ ላይ የቀበሮዋን ምልክት ይጫኑ የሚል ወረቀት በፕላስተር ለጠፉ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛው ስሙን ሳያውቅ ቀበሮዋን ክፈቱልኝ ማለት ጀመረ።

ስለ አማርኛ ገጾችም ጽፈዋል። ያኔ አብዛኛው የአማርኛ ድረ ገጽ በየራሱ ፎንት ነበር የተሠራው። ፎንቱ ማሽኑ ላይ ከሌለ ዜናው የላቲን ፊደል፣ የነጠላ ሰረዝና የቅንፍ ድብልቅልቅ ሆኖ ይመጣል። የትኛው ገጽ የትኛውን ፎንት እንደሚፈልግ በደብተር ይዘው ነበር። የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በአንድ ሥርዓት የያዘው ዩኒኮድ እየተለመደ ሲመጣ ደብተሩን ጣሉት።

5. አምስተኛው ትሕትና ባለው ቋንቋ ጋሼን አንድ ነገር አስታወሳቸው። ፋየርፎክስ የሚለው ቃል የቀይ ፓንዳ ሌላ ስሙ ነው፤ ምልክቱ ላይ የተሳለው ግን በእርግጥ ቀበሮ ይመስላል። ጋሼም ለደሴ ሰው ያለ ቀበሮ ሌላ ስም እንደማያስፈልገው መለሱ። ተመርቀው ተለያዩ።

6. አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በቅንነት ጠየቀ። ሁሉም ብሮውዘር አንድ ዓይነት ገጽ ካሳየ ሞተሩ የማን እንደሆነ ለምን እንጨነቃለን? የማይክሮሶፍቱ የኤጅም የክሮምም መልክ ለእሱ አንድ ነው።

7. አንዲት እህት ይህን ተማሪ እንደ ታናሽ ወንድም ቁጭ አድርጋ አስረዳችው። ዌብ ሥራ ላይ ነች። መልኩ አንድ የሆነበት ምክንያት ውስጡም አንድ ስለሆነ ነው አለች። ኦፔራ በ2013 የራሱን ሞተር ትቶ ክሮም ወደተሠራበት የጎግል ክፍት ኮድ፣ ወደ ክሮሚየም ገባ። ማይክሮሶፍት በ2018 መጨረሻ የራሱን እንደሚተው አሳወቀ፣ አዲሱ ኤጅ በ2020 ጃንዋሪ ወጣ። ብሬቭም ቪቫልዲም እዚያው ናቸው። ስሙ ብዙ፣ ሞተሩ ግን ብሊንክ የሚባለው የጎግሉ አንዱ ነው። የአፕል ዌብኪት አለ። ከእነሱ ውጪ ያለው የፋየርፎክሱ ጌኮ ነው።

ከዚያ አንድ ሲያሸንፍ ምን እንደሚሆን ከታሪክ አመጣች። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 6 የወጣው በ2001 ነው። ቀጣዩ 7ኛው የወጣው በ2006 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ማይክሮሶፍት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፤ የሚገፋው አልነበረማ። ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው ፋየርፎክስ ነው። ይህቺን ለተማሪው ብቻ ሳይሆን ለእኔም ነው የጻፈችው ብዬ ወስጃታለሁ።

8. ስምንተኛው የገንዘቡን ጉዳይ አነሳ። ፋየርፎክስ የሚኖረው ጎግል በሚከፍለው ብር ነው አለ። ልክ ነው። ጎግል ለሚከፍለው ገንዘብ በምላሹ ፋየርፎክስ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የፍለጋ ሞተር እሱ ይሆናል። የፋየርፎክስ ባለቤት የሆነው የሞዚላ የገንዘብ ኃላፊ በ2025 ሜይ አሜሪካ ፍርድ ቤት ቀርበው ሲመሰክሩ፣ ከድርጅቱ ገቢ 90 በመቶ ያህሉ ከፋየርፎክስ እንደሚመጣ፣ ከዚያም ውስጥ 85 በመቶ ያህሉ የጎግል እንደሆነ ተናግረዋል። ተወዳዳሪውን በጉሮሮው ይዞ የሚያጎርሰው ተወዳዳሪው ራሱ ነው። ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይኸ ነው።

9. ዘጠነኛው በጥድፊያ ገባና ፍርድ ቤቱ ጎግልን ክሮምን ሽጥ ብሎታል፣ ስለዚህ ሁሉም ይስተካከላል አለ።

10. አሥረኛዋ ወዲያው አስቆመችው፤ ትንሽም ቆጣ ብላለች። የሰሙትን ሳያጣሩ መለጠፍ ይቅር አለች። እንዲሸጥ የጠየቀው የአሜሪካ መንግሥት ነው። ዳኛ አሚት ሜታ በ2024 ኦገስት ጎግል በፍለጋ ገበያው ሕገ ወጥ ሞኖፖሊ እንደያዘ ወሰኑ። በ2025 ሴፕቴምበር ደግሞ መፍትሔውን ሲወስኑ ክሮም ይሸጥ የሚለውን አልተቀበሉም። ብቸኛ አድርጉኝ የሚል ውል ከለከሉ፤ ክፍያውን ግን አልከለከሉም። ለሞዚላ እፎይታ ነው፣ ጥገኝነቱ ግን እንዳለ ነው። ዘጠነኛው አመስግኖ ጽሑፉን አስተካከለ። ይህን በማድረጉ አክብሬዋለሁ።

11. ከዚህ በኋላ ድምፁ ሻከር አለ። አሥራ አንደኛው የድሮ ተጠቃሚ ነው፣ የተከፋ ሰው ነው። ፋየርፎክስን የገደለው ጎግል ሳይሆን የራሱ አለቆች ናቸው ይላል። በ2020 ኦገስት 250 ያህል ሠራተኛ ተሰናበተ፤ ሰርቮ የተባለውን አዲስ ሞተር ይሠሩ የነበሩትም አብረው ሄዱ። በ2022 ግን የዋና ሥራ አስኪያጇ ክፍያ ወደ 7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ፋየርፎክስ ኦኤስ የተባለው የስልክ ሲስተም በ2013 ተጀምሮ ሁለት ሦስት ዓመት እንኳ ሳይቆይ ቀረ። ጽሑፍ ለኋላ ማስቀመጫውን ፖኬትንም በ2017 ገዝተው በ2025 ጁላይ ዘጉት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸ ነው አለ።

12. አሥራ ሁለተኛው ተቆጣ። እዚያ ቤት ስለባከነው ሲወራ ከዚያ ስለወጣው ለምን አይወራም? ራስት የፕሮግራም ቋንቋ ያደገው ሞዚላ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ሊነክስ የተባለው ሲስተም እምብርት (ከርነል) ውስጥ እንኳ ገብቷል። በ2017 ኖቬምበር የወጣው 57ኛው ስሪት፣ ኳንተም የሚባለው፣ በራስት የተጻፈ ክፍል ይዞ ነው የፈጠነው።

13. ለዚህ አሥራ አንደኛው ተመልሶ መጣ። በዚያው 57ኛ ስሪት የለመዳቸው ኤክስቴንሽኖች ሁሉ በአንድ ሌሊት መሥራት ማቆማቸውን ይቅር እንዳላለ ጻፈ። ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔም ያኔ ሁለት የምወዳቸውን አጥቻለሁ፣ ግን ብሮውዘሩ ፈጥኖልኛል።

14. ሻርጃ የምትሠራ እህታችን የጻፈችው ነው። ይህ ጉዳይ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ እሱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። እናቷ ደብረ ብርሃን ናቸው። በየሳምንቱ የኢንተርኔት ጥቅል ትሞላላቸዋለች፤ ሁለት ቀን ሳይሞላ አለቀ ይሏታል። ቪዲዮ አያዩም። ዜና ነው የሚያነቡት፣ ስብከትም ይሰማሉ። እረፍት ወጥታ አገር ቤት ስትገባ ስልካቸውን ተቀብላ የሚከፍቱትን የዜና ገጽ ከፈተችው። ጽሑፉ አራት አንቀጽ ነው። በላዩ፣ በታቹ፣ በመሃሉ ማስታወቂያ፤ አንዱ ራሱን ችሎ ቪዲዮ ያጫውታል። እናቷ የምትዘጋዋን ኤክስ ምልክት በጣታቸው ሲፈልጉ ማስታወቂያውን ይነኩትና ሌላ ገጽ ይከፈታል።

ፋየርፎክስ ጫነችላቸው፣ በላዩ ማስታወቂያ የሚያግደውን ኤክስቴንሽን ዩብሎክ ኦሪጅን። ያው ገጽ ሲከፈት ቆጣሪው ከስልሳ በላይ ነገር እንደታገደ አሳየ። ጽሑፉ ብቻ ቀረ። እናቷ የገጹ ባለቤቶች ቤታቸውን አጸዱት እንዴ ብለው ጠየቋት። አሁን ጥቅሉ ሳምንቱን ያደርሳቸዋል። ስጋቷ እንግዲህ ይህ ነው፦ ፋየርፎክስ ከጠፋ ይህንን በእናቷ ስልክ ላይ ምን ይተካዋል? የአንድሮይዱ ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም።

15. አሥራ አምስተኛው ከቴክኒኩ በኩል ደገፋት። ኮምፒውተር ላይም ቢሆን ጎግል የኤክስቴንሽን ሕጉን ቀይሮ ማኒፌስት ቪ3 ካለ ወዲህ፣ ከ2024 ጀምሮ በ2025 ጭምር የድሮው ዩብሎክ ኦሪጅን ከክሮም ላይ እንዲጠፋ ተደርጓል። ፋየርፎክስ ግን አዲሱንም አሮጌውንም ያስኬዳል።

16. አንዱ ለፍትሕ ሲባል ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የሚባል ለክሮም የተሠራ ቀለል ያለ ስሪት መኖሩን ጠቆመ። አቅሙ እንደ ዋናው ባይሆንም ለብዙ ሰው ይበቃል አለ። መባል ነበረበት።

17. አሥራ ሰባተኛዋ ሌላ ጥያቄ አመጣች። ማስታወቂያው ከታገደ ያ የአማርኛ ዜና ገጽ በምን ይኖራል? ጋዜጠኛው ልጅ አለው። ለዚህ ጥሩ መልስ የሰጣት አልተገኘም። እኔም የለኝም።

18. ከዚህ በኋላ ወሬው መንገድ ሳተ። አንዱ ኦፔራ ሚኒን አስታወሰ። በቁልፍ ስልክ ዘመን ገጹን ሰርቨር ላይ ጨምቆ ይልክ ስለነበር በጥቂት ሳንቲም ብዙ ይነበብ ነበር። ሦስት ሰው ናፍቆቱን ተጋራ።

19. ሌላዋ በገጽ ውስጥ መፈለጊያዋን አነሳች። ፀሐይ ብላ ስትፈልግ ጸሀይ ተብሎ የተጻፈውን አያገኝላትም። ዓለም ስትል አለም ያመልጣታል። የምትሠራው የድሮ ሰነድ ላይ ስለሆነ አንዱን ቃል አራት አምስት ጊዜ መጻፍ አለባት። ፋየርፎክስ ለአማርኛ አንባቢ አንድ ነገር ያድርግ ቢባል ይህን ትመርጣለች።

20 እና 21. ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ አይቀነሱ በሚለው ሁለት ሰዎች ተያያዙ። አንዱ ሌላውን ግእዝ ያልገባው አለው፣ ያኛውም ዝም አላለም። እዚህ ላይ ገብቼ በዚያ ጉዳይ ሌላ ክር እንዲከፍቱ ለመንኩ። ሁለቱም ሰምተውኛል፣ አመሰግናለሁ። የአሥራ ዘጠነኛዋ ሐሳብ ግን አይረሳ። እንዲህ ያለ ኤክስቴንሽን ለመሥራት ከመካከላችን አንድ ሰው በቂ ነው።

22. ወደ ጉዳዩ የመለሰን ኤአይ ነው። በ2025 ዲሴምበር የተሾሙት አዲሱ የሞዚላ ዋና ሥራ አስኪያጅ አንቶኒ ኤንዞር-ዲሜዮ ፋየርፎክስን ዘመናዊ የኤአይ ብሮውዘር እናደርገዋለን ብለው ነበር። ሃያ ሁለተኛው ይህን ሲሰማ ልቡ እንደተሰበረ ጻፈ። እሱ ፋየርፎክስን የሚወደው ዝም ስለሚል ነው። ገጹን ያሳየዋል፣ አያወራውም።

23. ሃያ ሦስተኛዋ ተረጋጋ አለችው። ከተጠቃሚው ጩኸት በኋላ ሁሉንም የኤአይ ነገር በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ እንደሚገባ ቃል ተገብቶ፣ በ2026 መጀመሪያ በወጣው 148ኛ ስሪት ገብቷል። እሷም አጥፍታዋለች።

24. ጀርመን የሚማር ልጅ ደግሞ ሌላውን ጎን አሳየን። የኪራይ ቤት ማስታወቂያና የመስሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያነበው በፋየርፎክስ ትርጉም ነው። ትርጉሙ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ ጽሑፉ ወደ ማንም ሰርቨር አይሄድም። የሕክምና ወረቀቱን ሳይሳቀቅ የሚያስተረጉመው ለዚህ ነው። ኤአይ ሁሉ አንድ አይደለም፤ የማን ማሽን ላይ ነው የሚሠራው የሚለውን ጠይቁ አለ። አያይዞም ኮመን ቮይስ የሚባለው የሞዚላ የድምፅ ማሰባሰቢያ ላይ አማርኛ እንዳለ አስታውሶ፣ ገብታችሁ ጥቂት ዓረፍተ ነገር አንብቡ አለን። አራት ሰው አነበብኩ ብሎ ጽፏል፣ አንዱ እኔ ነኝ።

25. ሃያ አምስተኛው በብዙ ቁጣ መጣ። በ2025 ፌብሩዋሪ ሞዚላ የአጠቃቀም ውል አወጣ፤ መረጃችሁን ፈጽሞ አንሸጥም የሚለውን የድሮ ቃሉንም ከገጹ ላይ አነሳ። ለእሱ ነገሩ ያኔ አበቃ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አለ።

26. አሥረኛዋ እህት ናት መልሳ የገባችው። የውሉ አጻጻፍ መጥፎ እንደነበር አልካደችም። ጩኸቱ ሲበዛ በቀናት ውስጥ አሻሽለውታል። የሰጡት ምክንያት በአንዳንድ አገር ሕግ መሸጥ የሚለው ቃል ትርጉሙ ሰፊ ስለሆነ ነው የሚል ነው። ሃያ አምስተኛው አልተቀበላትም። እኔ በዚህ ላይ ከእሱ ጋር ነኝ። ምክንያቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እምነት ላይ የቆመ ቤት እንዲህ ያለውን ቃል ሲያነሳ ቀድሞ ሰውን ማናገር ነበረበት።

27. አንዱ መጠጊያዎቹን ቆጠረ፦ ሊብረወልፍ፣ ዋተርፎክስ፣ ዜን። ሌላው እዚያው ስር እነዚህ ሁሉ፣ ቶር ብሮውዘርም ጭምር፣ ከፋየርፎክስ ኮድ የሚጠጡ መሆናቸውን አስታወሰ። ምንጩ ከደረቀ ወንዙ ከየት ይመጣል? ተስፋ የሚጣልባቸው ሌሎችም ተጠቅሰዋል። ሌዲበርድ ከባዶ የተጀመረ አዲስ ሞተር ነው፣ ከ2024 ጀምሮ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ይዞታል። ሰርቮም አልሞተም፤ በ2020 መጨረሻ ወደ ሊነክስ ፋውንዴሽን ተዛውሮ ሥራው ቀጥሏል። ለእናቶቻችን ስልክ ግን ገና ናቸው።

28. እዚህ ላይ ያልጠበቅኩት መጣ። አዲስ አበባ ለየመስሪያ ቤቱ በኮንትራት ድረ ገጽ የሚሠራ ወጣት ነው። ያቺን ክሮም ተጠቀሙ የምትል መስመር እሱም በሁለት ሥራ ላይ እንደጻፋት ነገረን። ምክንያቱን አልሸሸገም። የሚሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ፈትኖ የሚያስረክበው በአንድ ብሮውዘር ብቻ ነው፤ ደንበኛውም ያን አይቶ ይፈርማል። በሌላው ቢበላሽ ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው። በሩን መዝጋት አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

29. ሃያ አምስተኛው ወረደበት። ሰነፍ አለው፣ ሌላም ጨመረ። አልደግመውም።

30. ጋሼ ገቡ። እሳቸው በካፌያቸው ዘመን ይህንኑ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አይተውታል፤ ገጾች ሌላውን ብሮውዘር እየመለሱ ነበር። ያን በር ያስከፈተው ስድብ ሳይሆን በየካፌው ቀበሮዋን ክፈቱልኝ የሚለው ደንበኛ ብዛት ነው አሉ። ከዚያ ለልጁ ጥፋትህን ደፍረህ ስለተናገርክ አትፈር ብለው ጻፉለት። ሃያ አምስተኛው ከእሳቸው በኋላ ይቅርታ ጠየቀ።

31. ሰባተኛዋ እህት ለልጁ ሥራውን አቀለለችለት። የብሮውዘሩን ስም አትጠይቅ፣ የምትፈልገውን ነገር ይችል እንደሆነ ጠይቅ አለችው። በፋየርፎክስም አንድ ከሰዓት በኋላ ያህል ሞክረው፣ አብዛኛው ያለ ምንም ንክኪ ይሠራልሃል። አንድ ስጦታም ጨመረችለት። ፋየርፎክስ ዝርዝርን በግእዝ ቁጥር መቁጠር ከድሮም ያውቃል። የስታይል ፋይሉ ላይ አንድ ቃል ሲጻፍ 1፣ 2፣ 3 የነበረው ፩፣ ፪፣ ፫ ይሆናል። ይህን ከሃያ ዓመት በኋላ ዛሬ ነው ያወቅኩት። ወዲያው ሞከርኩት፤ ሠራ። ሩቅ አገር ያለ ሰው፣ ምንም ሳይሸጥልን፣ ለቁጥራችን ቦታ እንደተወልን ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

32. ልጁ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። ከሁለቱ በአንዱ ሥራ ላይ ደንበኛውን አስፈቅዶ በሩን አንስቶታል። በፋየርፎክስ ገጽ በገጽ ሄደበት። የተበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው። የኢትዮጵያ ካላንደር የሚያሳየው የቀን መምረጫ ከታቹ ያለውን በተን ይሸፍነዋል፤ በአንድ መስመር አስተካከለው። ሌላው ማረጋገጫው ሲታተም የመጨረሻው መስመር ወደ ሁለተኛ ገጽ ይገፋል። እሱን አልቻለም፣ ኮዱን ለጥፏል። ሰባተኛዋ ዛሬ ማታ አየዋለሁ ብላለች። የኅትመት ነገር የገባችሁ ካላችሁ እናንተም ግቡበት።

33. የመጨረሻዋ የሻርጃዋ እህታችን ናት። እናቷ ትላንት ደውለዋል። የጎረቤት ልጅ ስልኩን ሲነካካ ፋየርፎክስን አጥፍቶባቸዋል። ጥቅሉም እንደ ድሮው ሁለት ቀን ሳይሞላ አልቋል። እሷ ከሥራ የምትወጣው ማታ ነው፣ እናቷ ደግሞ ማንበብ የሚችሉት አማርኛ ብቻ ነው። ፋየርፎክስን አውርዶ ዩብሎክ ኦሪጅንን እስከ መጫን ያለውን በፎቶ፣ በትልልቅ የአማርኛ ጽሑፍ፣ ደረጃ በደረጃ ሠርቶ የሚልክላት ሰው ትፈልጋለች። እኔ ጀምሬዋለሁ፤ እስካሁን አራት ፎቶ ደርሻለሁ። የቀረችኝ ዩብሎክን መርጦ የሚጨምርባት ቦታ ናት፤ የእኔ ስልክ ሜኑው እንግሊዝኛ ስለሆነ የእሳቸው ምን እንደሚመስል ከሻርጃ መልስ እየጠበቅኩ ነው።